በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ቧንቧ

በታሪክ ትምህርታችን የነገሥታትንና የጦርነትን ዘመን ስንቈጥር፥ የውኃ ቧንቧም ታሪክ አለው ብለን አስበን አናውቅም ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ለንደን ከተማ ያነበብነው አንድ ነገር እጅግ ስላስደነቀን ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ልንጽፈው ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ለለንደን ሕዝብ ውኃ የሚያድሉት የግል ኩባንያዎች ነበሩ። ባለጠጋው በቤቱ ማጠራቀሚያ ስላለው ብዙ ጭንቅ አልነበረበትም። በድኾች ሰፈር ግን እኛ ቦኖ የምንለው ዓይነት አንድ ቧንቧ ለብዙ ቤተ ሰብ በግቢ መካከል ቆሞ፥ በሳምንት ጥቂት ቀን፥ ያውም ለአንድ ለሁለት ሰዓት ብቻ ይከፈት ነበር። ጀሪካን ይዘን ተሰልፈን ለምናውቅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም።

ነገር ግን ቧንቧ ከቤቱ የገባለት ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም። ከቴምስ ወንዝ በስተ ደቡብ ሁለት ኩባንያዎች ደንበኛ እየተሻሙ በአንድ መንገድ ላይ ቧንቧቸውን ጎን ለጎን ቀብረው ነበር። ላምቤዝ የተባለው በ1852 ዓ.ም. መቅጃውን ከከተማው በላይ ወደ ቴምስ ዲተን አዛወረ። ሳውዝዋርክና ቮክስሆል የተባለው ግን የከተማው እዳሪ ከሚፈስበት ከባተርሲ መቅዳቱን ቀጠለ። በ1854 ዓ.ም. ኮሌራ በገባ ጊዜ ሐኪሙ ጆን ስኖው ሰው የሞተበትን ቤት እያንኳኳ ውኃው የየትኛው ኩባንያ እንደ ሆነ ይጠይቅ ጀመር። ተከራዮቹ ብዙውን ጊዜ አያውቁም፤ የውኃውን ዋጋ የሚከፍለው ባለቤቱ ነበርና። ስለዚህ ስኖው ውኃውን በጠርሙስ እየወሰደ ጨውነቱን መረመረ፤ የባተርሲው ውኃ 40 እጥፍ ያህል ጨው ነበረበት።

በመጀመሪያዎቹ ሰባት ሳምንቶች ከሳውዝዋርክና ቮክስሆል በሚቀዱት 40,046 ቤቶች 1,263 ሰዎች ሲሞቱ፥ ከላምቤዝ በሚቀዱት 26,107 ቤቶች የሞቱት 98 ብቻ ናቸው። በ10,000 ቤት ሲታሰብ 315 እና 37 መሆኑ ነው። እውነት ስላልመሰለን ሒሳቡን ደግመን ሠርተነዋል። እኛን ያሳዘነን ግን ቍጥሩ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ቤትና አንድ ዓይነት ኑሮ እያላቸው፥ ሞትንና ሕይወትን የለየባቸው ባለቤቱ ቀድሞ ከየትኛው ኩባንያ ጋር እንደ ተዋዋለ ነው።

በ1852 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ኩባንያዎቹ መቅጃቸውን ከቴዲንግተን በላይ እንዲያደርጉ እስከ 1855 ዓ.ም. ጊዜ ሰጥቷቸው ነበር፤ ኮሌራው ግን ቀነ ገደቡን አልጠበቀም። ብዙዎቹ ሹማምንትና ሐኪሞችም በሽታው ከመጥፎ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ስለ ነበር ስኖውን አልተቀበሉትም። በ1866 ዓ.ም. ኮሌራ ተመልሶ መጣ። ሞቱ የበዛው በምሥራቅ ለንደን፥ ያልተጣራ ውኃ በተለቀቀበት የሠራተኞች ሰፈር ነው። ቀድሞ ስኖውን ይጠራጠር የነበረው የመንግሥት የስታቲስቲክስ ሹም ዊልያም ፋር በዚህ ጊዜ የውኃውን መንገድ ተከትሎ መረመረና ነገሩን አመነ። ስኖው ግን በ1858 ዓ.ም. በ45 ዓመቱ ሞቶ ነበር።