በጋይንት የሚገኝ ጥንታዊ ኮሌጅ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት ስለ ትምህርት ታሪክ ጥቂት እንድንጽፍ ተጠይቀናል። ስለዚህ ሩቅ ሳንሄድ፥ ከስማዳ ጋር በሚዋሰነው በጋይንት ስለሚገኘው ስለ ቤተልሔም ለመጻፍ ወደድን።

እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ተማሪዎች ኮሌጅ ሲባል ስንሰማ በሐሳባችን የሚታየን በባሕር ማዶ ያለ የድንጋይ ሕንፃና ጥቁር ካባ ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ለነጻ ሰው የተገቡ ናቸው ብለው የቆጠሯቸው ሰባት ጥበባት ሰዋስው፥ የንግግር ጥበብ፥ ሎጂክ፥ ሒሳብ፥ ጂኦሜትሪ፥ የከዋክብት ትምህርትና ዜማ ነበሩ። አባቶቻችንም ሰዋስውንና የንግግርን ጥበብ በቅኔ ቤት፥ የዘመንን ስሌት በባሕረ ሐሳብ፥ ዜማን በዜማ ቤት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጂኦሜትሪ ጎድሏቸው ነበር የሚል ቢኖር፥ የላሊበላን ጠራቢዎች ማን አስተማራቸው ብለን እንጠይቀዋለን።

ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓን የደረሰው በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ዜማውም ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ በመባል በሦስት ይከፈላል። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ መጻሕፍት በተቃጠሉ ጊዜ ድጓ በቤተልሔም ተርፎ ተገኘ ተብሎ ይተረካል። ከዚያም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1540 እስከ 1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ ይነገራል። ቆማና አጫብር የሚባሉ ሌሎች የዜማ ስልቶችም አሉ፤ ይሁን እንጂ በሰፊው የተስፋፋው የቤተልሔም ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በውጭ ሲያዩዋት እንደ ሌሎቹ ክብ ናት፤ በውስጧ ግን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ አለ። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከናም በ1950ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አይቷት በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እርሷ ጽፏል። እርሱ «አገኛት» መባሉ ትንሽ ያስቀናል፤ ለተማሪዎቿስ መቼ ጠፍታ ታውቃለች!

የተማሪው ኑሮ ከባድ ነው። ከወላጆቹ ርቆ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ከውሻ የሚከላከልበት ዱላም ከእጁ አይለይም። ማታ ወደ ጎጆው ሲመለስ ያገኘውን ከባልንጀሮቹ ጋር ይካፈላል። ቀን በመጽሐፍ፥ ሌሊት በጨለማ በቃሉ ያጠናል። ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደት፥ ቁርጥ የሚባሉትን ምልክቶች ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያው ደጃፍ ብቻ ነው። ከቃላቱ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፉት ምልክቶች ከሌላ ስፍራ የሚታወቀውን ዜማ የሚያስታውሱ ስለ ሆኑ፥ አስቀድሞ ብዙ ዜማ በቃሉ ላልያዘ ሰው ምንም አይነግሩትም።

ፈተናውም እንደ እኛ ፈተና የሦስት ሰዓት ጉዳይ አይደለም። ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ በብራና ላይ ይጽፋል፤ ከየኔታ ፊት እያዜመ ምልክቱ አንድ በአንድ ይታረምለታል። ይህን የፈጸመ ሰው «ከቤተልሔም አስመሰከረ» ይባላል። ዲፕሎማውም የጻፈው መጽሐፍ ራሱ ነው፤ ይዞት ሄዶ ያስተምርበታል። መምህር ቢሞት ትምህርቱ የማይሞተው በዚህ ነው።

የትምህርት ክፍያ የለም። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ካህናቱና መምህራኑ ቤተ ክርስቲያን ከያዘችው መሬት ይረዱ ነበር፤ በዚያ ዓመት የገጠር መሬት የሕዝብ ከሆነ በኋላ ሸክሙ ይበልጥ በገበሬው ላይ ወደቀ። ድርቅ በሚደጋግመው በጋይንትና በስማዳ ደግሞ ቁራሽ ለማኝን መመለስ ነውር ሲሆን፥ መስጠትም ከልጅ አፍ መንጠቅ የሚሆንበት ዓመት አለ። የጎተራው መጉደልና የዜማ ቤቱ መሳሳት አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው።

ረኃቡንና የልጆቹን ብቸኝነት ማመስገን አንወድም፤ ችግር በራሱ ትምህርት አይደለም። ነገር ግን ከክፍላችን ታላቅ ወንድሞቻቸው አኩፋዳ አንግተው የወጡ ተማሪዎች አሉ። እኛ 12ኛ ክፍል የደረስነው በታተመ መጽሐፍ ነው፤ እነርሱ ግን መጽሐፋቸውን ገና እየጻፉ ናቸው። በፋሲካ ወደ ቤት ሲመለሱ እናቶቻችን ሁለታችንን በአንድ መሶብ ያስቀምጡናል፤ እነርሱ ስለ ፊዚክስ ይጠይቁናል፥ እኛም ዕዝልን ከአራራይ እንዴት እንደምንለይ እንጠይቃቸዋለን።