ወጎሎና አውሮፕላን፤ በጋሞ ምድር ዕቃ ስላመላለሱ ሰዎች



የማመላለሻ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ስሙ የሚነሣው መሣሪያው ነው። ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መድረሱ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ መብረሩ፤ የንግድ መርከብ ድርጅታችንም በ1956 ዓ.ም. መመሥረቱ በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን መርከቡም አውሮፕላኑም ባልደረሰበት አገር ሸክሙን የቻለው ማን ነበር?

ለዚህ ጥያቄ የጋሞ ምድር መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፤ ዐባያና ጫሞ ሐይቆች ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተንጣለዋል። ደጋው ገብስና እንሰት ያበቅላል፤ ቆላው ጥጥ ይሰጣል። በሽመና ስሙ የተጠራው የዶርዜ ሰው ድርና ማጉን የሚያገኘው ከዚሁ ከጥጡ ስለ ሆነ፤ ደጋና ቆላ አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር አልቻለም። ሁለቱን ያገናኘው በዚያ ዳገት የወጣና የወረደ የሰው ጀርባና የጋማ ከብት ነው። በተለይም ሴቶች እንጨቱንና እህሉን በጀርባቸው ተሸክመው ገበያውን አቁመዋል።

በውሃውም ላይ እንዲሁ ነው። በዐባያ ሐይቅ በጊዲቾ ደሴት የኖሩት የባይሶና የሐሮ ሰዎች ወጎሎ በሚባል ታንኳ ይሻገሩ ነበር። የጣና ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ ሁሉ፤ ወጎሎም በሐይቁ ዳር ከሚበቅል፤ እንደ ቡሽ ከቀለለ እንጨት ይሠራል። እንጨቶቹ በገመድ ተጣምረው ይታሰራሉ። በመካከላቸው ውሃ ቢገባም እንጨቱ ራሱ ተንሳፋፊ ስለ ሆነ አይሰጥምም። ቀዛፊው ግን አዞና ጉማሬ በሚመላለሱበት ውሃ ላይ ነፍሱን አስይዞ ሰውና እህል ያሻግራል።

የዓድዋ ድል በተገኘበት በ1888 ዓ.ም. ኢጣሊያዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ወደዚህ ሐይቅ ደርሶ በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው። በአውሮፓ ካርታ ላይም ስሙ ብዙ ዘመን ቆየ። ሐይቁ አዲስ የተገኘ መስሎ የታየው ግን ለእንግዳው ብቻ ነው፤ ለሚቀዝፉት ሰዎች የዘወትር መንገዳቸው ነበር። ዛሬም የሚጠራው ዐባያ ተብሎ ነው።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚነሣ አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ገደማ እዚያ ያርፋል። የአርባ ምንጭ ሙዝ በበኩሉ በጭነት መኪና 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ሆኖም ዘለላውን ከማሳው አውጥቶ መኪናው ላይ የሚጭነው፤ ከተማ ሲደርስም የሚያወርደው አሁንም የሰው ትከሻ ነው።

እንግዲህ መሣሪያ ሸክምን ያሳጥራል እንጂ ተሸካሚን ፈጽሞ አያስቀርም። ስለዚህ የመርከብና የአውሮፕላን ታሪክ በሚጻፍበት መዝገብ፤ ወጎሎ ቀዛፊው፤ የጨንቻ ዳገት የምታውቃት ሴትና የሙዝ ጫኙም ስፍራቸው ሊጠበቅላቸው ይገባል። የሸማውን ንጣትና የሙዙን ጣዕም ስናደንቅ፤ ከእጃችን ያደረሱልንን ሰዎች መርሳት ውለታ ቢስነት ነውና።