በሙቀት ጉልበት የሚከዳን ለምንድን ነው?

ደማምና አልኮባር ባሕር ዳር ናቸው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ወበቁም ስለሚጨመርበት ላብ ቶሎ አይደርቅም፣ ሰውነትም አይቀዘቅዝም። በዚህ ጊዜ ልብስ ስትተኩሱ ወይም ግቢ ስታጥቡ እግር ቢዝል፣ ልብ ቢመታ፣ ብድግ ስትሉ ዓይን ቢጨልም ስንፍና አይደለም።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ትልቅ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። ከግማሽ በላዩ ፈሳሽ ነው፤ የዚህም ፈሳሽ 90 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ላብ ሳይተካ ሲቀር የደም መጠን ይቀንሳል። ልብ በአንድ ምት የምትገፋው ደም ስለሚያንሳት ምቷን ታፈጥናለች። ሰውነት ደግሞ ለመቀዝቀዝ ብዙ ደም ወደ ቆዳ ይልካል። ስለዚህ ለጡንቻ የሚደርሰው ደምና ኦክስጅን ያጥራል፤ ጡንቻውም ቶሎ ይደክማል።

ደም ማነስ ያለባት እህት ይብስባታል፤ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ራሱ ያነሰ ነውና። የወር አበባ የሚበዛባት ሴት ትመርመር። ምስር፣ ሥጋና አረንጓዴ ቅጠል መመገብ ይረዳል፤ ሻይና ቡና ግን ከምግብ ራቅ አድርጉ።

ምን እናድርግ?

• ጥም ሳይመጣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ሽንት ከጠቆረ ውኃ አንሷል ማለት ነው።
• ብዙ ላብ ከወጣ ጨውም ይወጣል። ኦ አር ኤስ ከሌለ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ስኳር፣ ግፊት ወይም ኩላሊት ያለባት መጀመሪያ ሐኪም ትጠይቅ።
• የውጭ ሥራ በጠዋት ይሁን። ሳዑዲ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) ድርጅቶች ሠራተኛን ፀሐይ ላይ እንዳያሠሩ ትከለክላለች። ሕጉ የቤት ሠራተኛን በቀጥታ ባያቅፍም ማዳምን ለማስረዳት ይጠቅማል።

መቼ ነው አደጋ የሚሆነው?

ሰው ከዘባረቀች፣ ራሷን ከሳተች ወይም ሰውነቷ እንደ እሳት ከጋለ ወዲያው 997 ደውሉ። ወደ ጥላ ውሰዷት፣ በውኃ አርጥቧት፣ አራግቡላት። ራሷን ለሳተች ምንም አታጠጡ። ለጤና ምክር 937 አለ። በዓረብኛ «አና ታዕባና፣ አብጋ ሙስተሽፋ» ማለት «አሞኛል፣ ሆስፒታል እፈልጋለሁ» ነው። አፍራችሁ ዝም አትበሉ።