የባለቤትነት ምልክትና የቁጥር መዝገብ፤ ከብራና እስከ ኮምፒዩተር

የአንድ ጽሑፍ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ማወቅ፣ ጽሑፉ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር ይበልጥ ያስቸግራል። ይህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን ከሁለት የታሪክ ምዕራፎች አንጻር ለማመልከት ይሞክራል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት መጀመሪያ ደብረ ታቦር፣ ቀጥሎም መቅደላ ገቡ። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ ወደ 350 የሚጠጉት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተወሰዱ። በብራና ላይ የባለቤቱን ደብር ስም መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ሙዚየሙ ግን ለየመጽሐፉ የራሱን ቁጥር ሰጠ። ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ዝርዝር ቁጥሩንና በመጽሐፉ ላይ የተገኘውን ማስታወሻ አንድ ላይ ስላሰፈረ፣ የቀድሞውን ባለቤት ፈለግ መከተል ተችሏል።

በኮምፒዩተርም ተመሳሳይ ችግር ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ የተጀመረው ዩኒክስ ከፋይሉ ጋር የሚያስቀምጠው የባለቤቱን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ነው፤ ቁጥሩ የማን እንደ ሆነ የሚገልጸው በኮምፒዩተሩ የሚገኘው የተጠቃሚዎች መዝገብ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ኤን.ኤፍ.ኤስ. የተባለውን የፋይል መጋሪያ ዘዴ ሲያወጣ፣ ቁጥሩ ያለ ስም ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ይተላለፍ ጀመር። ከዚህም የተነሣ 1001 በአንዱ መዝገብ መምህር፣ በሌላው ተማሪ ቢሆን፣ የመምህሩ የውጤት ፋይል ለተማሪው ክፍት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤን.ቲ. ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ረጅም መለያ ይዞ መጣ። አንድሩ ትሪጅል በአውስትራሊያ የጀመረው ሳምባ ሁለቱን ወገኖች ሲያገናኝ፣ የአንዱን መለያ ከሌላው ቁጥር ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ አስፈለገው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የኤን.ኤፍ.ኤስ. 4ኛ ደንብ በበኩሉ የፋይሉ ባለቤት በስሙና በተቋሙ እንዲገለጽ ደነገገ፤ ይህም የብራናውን ልማድ ያስታውሳል።

እንግዲህ ስም ብቻውን አይበቃም፤ በአገራችን ሞክሼ ብዙ ነውና። ቁጥርም ብቻውን አይበቃም። በመሆኑም ዊንዶውስንና ሊኑክስን አጣምሮ የሚሠራ ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ ሦስት ነገሮችን ሊያሟላ ይገባል። አንደኛ፣ የተጠቃሚዎች መዝገብ አንድ ብቻ ይሁን፤ በአንድ ኀላፊም ይጠበቅ። ሁለተኛ፣ የተዛወረ መምህር ቁጥር ለሌላ አይሰጥ፤ አለዚያ ተተኪው ሳያውቀው የቀድሞውን ፋይሎች ይወርሳል። ሦስተኛ፣ ፋይሎቹ በመጠባበቂያነት ሲገለበጡ የማዛመጃው ሠንጠረዥም አብሮ ይገልበጥ። ሠንጠረዡ የጠፋ እንደ ሆነ የተማሪዎች ውጤት በዲስኩ ላይ ይገኛል፤ ማን እንደ መዘገበውና ማን ሊያርመው እንደሚገባ ግን የሚመሰክር አይኖርም።