የፍትሐዊነት ደንብ፦ የአሜሪካ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሚዛናዊ እንዲሆኑ ሕግ ያስገድዳቸዋል?

በኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ከተማ በስተደቡብ በምትገኘው ሊትልተን የሚኖር አድማጭ ሬዲዮ ሲከፍት የአንድ ወገን አስተያየት ብቻ ለሰዓታት ሊሰማ ይችላል። ጣቢያው የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ እንዲያሰማ ሕግ ያስገድደዋል? የዛሬው መልስ «አያስገድደውም» የሚል ነው። ቀድሞ ግን እንዲህ አልነበረም።

የአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን «የፍትሐዊነት ደንብ» የተባለውን መርሕ ያወጣው እ.አ.አ. በ1949 ነበር። ደንቡ በፈቃድ በሚሠሩ ጣቢያዎች ላይ ሁለት ግዴታዎችን ጥሏል። አንደኛው ሕዝብን የሚመለከቱ አከራካሪ ጉዳዮችን መዘገብ፣ ሁለተኛው ለተቃራኒ አመለካከቶች ተገቢ ዕድል መስጠት ነው። እኩል ደቂቃ መስጠትን ግን አይጠይቅም ነበር። መነሻው የአየር ሞገድ ውስን የሕዝብ ሀብት ነው የሚል እምነት ነው።

በ1964 በፔንስልቬንያ የሚገኝ አንድ ጣቢያ አንድን ደራሲ የሚነቅፍ ስብከት አሰራጨ። ደራሲው መልስ የመስጠት ዕድል ጠይቆ በነጻ ስላልተፈቀደለት ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1969 የአድማጮች መብት ከባለ ጣቢያዎች መብት እንደሚቀድም በመግለጽ ደንቡን አጸና። በ1974 ግን ጋዜጦች መልስ እንዲያትሙ በሕግ ሊገደዱ እንደማይችሉ ወሰነ።

ተቺዎች ጣቢያዎች ክስን በመፍራት አከራካሪ ጉዳዮችን ይሸሻሉ፣ መንግሥትም የሐሳብ ዳኛ ይሆናል ሲሉ ተከራከሩ። ምክር ቤቱ ደንቡን በሕግ ለማጽናት ያወጣውን ረቂቅ ፕሬዚዳንት ሬገን በሰኔ 1987 ውድቅ አደረጉ፤ ኮሚሽኑም በነሐሴ ወር ደንቡን ተወው። በማግሥቱ ዓመት የወግ አጥባቂው ረሽ ሊምቦ የሬዲዮ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ መሰራጨት ጀመረ። የደንቡ መሻር ለፖለቲካዊ መከፋፈል ምን ያህል አስተዋጽኦ እንዳደረገ ዛሬም ያከራክራል፤ ደንቡ ጋዜጦችን አይመለከትም ነበር፤ የኢንተርኔት ሥርጭት የተስፋፋውም ከተሻረ በኋላ ነው።

ከደንቡ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው «የእኩል ዕድል» ድንጋጌ ግን በ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ ውስጥ ዛሬም አለ። ጣቢያው ለአንድ የምርጫ ዕጩ የአየር ጊዜ ከሰጠ፣ ለተፎካካሪዎቹም በተመሳሳይ ሁኔታ መስጠት አለበት። ዜናና የዜና ቃለ ምልልስ ከዚህ ውጭ ናቸው። ስለዚህ መብቱን የሚጠይቀው ዕጩው እንጂ የሊትልተኑ አድማጭ አይደለም።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱ ግዴታውን የጣለው በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ላይ ነው። አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችላቸው ሁኔታ እንዲመሩ ይደነግጋል። ሁለቱም አገሮች የገጠማቸው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ሚዛኑ መጠበቁን የሚዳኘው ማን ነው?