ቧልትና ወዳጅነት በአንድ የድርቅ ተረት

የ1965–66 ዓ.ም. ረሀብ ወሎን ክፉኛ ስለ ጎዳ፣ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለመላው ሀብሩ ሰው ድርቅ የሩቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ድርቅንና ወዳጅነትን በቧልት የሚያገናኝ አንድ ተረት ለመመርመር ወደድን።

ኩርላንደርና ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው ስለ ድርቁ ይመክራሉ። ዝናብ የጠፋው በኃጢአት ነው ብለውም በየተራ ይናዘዛሉ። ሦስቱ የመንደር እንስሳ መብላታቸውን ሲናገሩ «ይህስ ኃጢአት አይደለም» ይባባላሉ፤ ሣር የጋጠው አህያ ግን ጥፋተኛ ተብሎ ይበላል።

ላፎንቴንም በ1678 እ.ኤ.አ. ይህን የመሰለ ተረት አሳትሟል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»ን የደረሱት ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው ሲሆን፣ ቴአትሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን (1909–1922 ዓ.ም.) ታግዷል። የሱሪያሊዝም መግለጫ በፓሪስ የወጣው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው፤ የማይሆነውን ተርኮ የሚሆነውን ማሳየት ግን ከዚያ የቀደመ ጥበብ መሆኑን እናስተውላለን።

በጉባኤው ወዳጅ አልነበረም። አንበሳው «እኔም ሣር ግጫለሁ» ብሎ ቢዋሽ ኖሮ፣ ያ የማይታመን ውሸት ወዳጅነት በሆነ ነበር እንላለን።