የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በመንግሥት ፖሊሲና በኢኮኖሚ ያላቸው ድርሻ፦ ከደባርቅና ከዳባት አንጻር

የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስንዴ የጫነ መኪና፣ ዘይትና ብርድ ልብስ ነው። ይህ ግን የሥራው አንድ ክፍል ብቻ ነው። እነዚህ ድርጅቶች ሕግ ሲወጣ ሐሳብ ያቀርባሉ፣ የመንግሥት በጀት የት እንደሚውል ያሳምናሉ፣ የእህል ዋጋ ላይ ተጽዕኖ ያሳድራሉ፤ አንዳንዴም ገበሬ ከቀዬው እንዲነሳ በሚያደርግ ውሳኔ ውስጥ እጃቸው ይኖርበታል። በስሜን ተራሮች ግርጌ ያለ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ የአጥቢያ መሪዎችና የልማት ኮሚቴ አባላት ጉዳዩን ከመሠረቱ ቢያውቁት ይጠቅማል።

ከእርዳታ ወደ ፖሊሲ

ዮሴፍ በግብፅ ያደረገውን እናስታውስ (ዘፍጥረት 41)። ራብ ከገባ በኋላ እህል ማደሉ ብቻ አይደለም ሥራው። ራቡ ሳይመጣ ከምርቱ አምስተኛው እጅ እንዲከማች ንጉሡን መከረ፤ ይህ በዛሬ ቋንቋ ፖሊሲ ነው። በሐዋርያት ሥራ 6ም የመበለቶቹ አቤቱታ የተፈታው በአንድ ቀን ተጨማሪ ምግብ ሳይሆን አሠራሩን በመቀየር ነው።

በአገራችንም መንገዱ ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በወሎ ራብ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናትና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ተሰባስበው ኋላ የክርስቲያን ተራድኦና ልማት ማኅበር የሆነውን ጥምረት መሠረቱ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1972፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ወንጌልን ከልማት ነጥለው ገንዘብ የሚሰጡትን የውጭ አጋሮች የሚሞግት ደብዳቤ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ልካለች። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም የልማት ኮሚሽኗን ያቋቋመችው በዚያው ዓመት ነው። በዚህ ሥራ እኛ ብቻችንን አይደለንም፤ በደባርቅ አካባቢማ በቁጥር ጥቂቶች ነን።

ከ1984–85ቱ ራብ በኋላ አገሪቱ ለዓመታት በየዓመቱ የአስቸኳይ ጊዜ ልመና ስታቀርብ ኖራለች። እርዳታው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደርስ ነበር፤ ገበሬውም እስኪደርስ ድረስ በሬውን ሸጦ ይጠብቃል። በ2005 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ይህን ለመለወጥ የታሰበ ነው። መሥራት የሚችለው በእርከንና በመንገድ ሥራ እየተሳተፈ፣ የማይችለው ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ፣ አስቀድሞ የታወቀ ክፍያ እንዲያገኝ ተደረገ። መንግሥትና ለጋሾች ያወጡትን ይህን ፕሮግራም በብዙ ወረዳዎች ያስፈጸሙት ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ናቸው። ክፍያው ጥሬ ገንዘብ ሲሆን ገንዘቡ ወደ አካባቢው ገበያ ይገባል፤ ከውጭ የመጣ ስንዴ በመከር ወቅት ሲታደል ግን እህሉን ሊሸጥ የወጣውን ጎረቤት ይጎዳል። ገበያው እህል እያለው ስንዴ ማደል ልግስና ቢመስልም ጉዳቱ ለዚያው መንደር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አዋጅ 621/2001 (እ.ኤ.አ. 2009) ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት፣ በግጭት አፈታትና በፍትሕ ጉዳዮች እንዳይሠሩ ከለከለ። ስንዴ ማደል ተፈቀደ፤ «ስንዴው ለምን አስፈለገ?» ብሎ ስለ መብት መጠየቅ ግን ተዘጋ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ያደረገው የ2000 የቤተሰብ ሕግ እንዲወጣ ከታገሉት አንዱ ነበር፤ በዚህ አዋጅ ምክንያት አቅሙ ክፉኛ ተዳከመ። ልጃገረዶች ያለዕድሜያቸው በሚዳሩበት የአማራ ገጠር ይህ ትንሽ ጉዳት አይደለም።

አዋጅ 1113/2011 (እ.ኤ.አ. 2019) የ10 በመቶውን ገደብ አነሳ። ድርጅቶች ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ ማቅረብ እንደሚችሉም በግልጽ ደነገገ። ልብ ልንለው የሚገባው፣ አዋጁ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ሃይማኖት ተቋም አይመለከትም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለበጎ አድራጎት የምታቋቁመው ድርጅት ግን በዚሁ አዋጅ ይመዘገባል። ስለዚህ የአጥቢያው መዝገብና የልማት ክንፉ መዝገብ መለየት አለባቸው። ራሽን ለመቀበል የሚመጣን ሰው እምነቱን መጠየቅም ፈጽሞ አይገባም።

በስሜን የታየው

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ ለመውጣት የሰውና የከብት ጫና እንዲቀንስ ተጠየቀ። በ2016 የግጭ መንደር 418 አባወራዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ተሰረዘ። ዋልያና ጭላዳ የእግዚአብሔር ፍጥረት ናቸው፣ ጥበቃው ተገቢ ነው። ነገር ግን ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ካሳ ይዞ ከተማ ሲገባ፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ በምን ይተዳደራል? ስለ ፓርኩ በውጭ አገር ስብሰባ የሚናገሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ስለ ግጭ ገበሬ የሚናገር ግን የዚያን ያህል አልነበረም።

በ2021 ጦርነቱ ወደ አካባቢው ሲደርስ፣ በዳባት ወረዳ ጨና ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉና ደባርቅ በተፈናቃዮች ስትሞላ፣ ቀድሞ የደረሰው ቤቱን የከፈተው ነዋሪ ነው። በዚያው ዓመት በዳባት አለምዋጭ የኤርትራ ስደተኞች መጠለያ ተከፈተ። በ2023 ጃናሞራና ጠለምት በድርቅ በተመቱበት ዓመት ደግሞ የአሜሪካው ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ተሰርቋል በማለት በሰኔ ወር በመላ አገሪቱ፣ ስደተኞችንም ጨምሮ፣ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ለስደተኞች በጥቅምት፣ ለሌላው ከታኅሣሥ ጀምሮ ቀጠለ። በሌቦቹ ጥፋት የተራበው ያልሰረቀው ነው። በ2025 ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ፤ በእርሱ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ፕሮግራሞችም አብረው ቆሙ።

እንግዲህ የውጭው በጀት እንዲህ በአንድ ውሳኔ የሚቆም ከሆነ፣ የአካባቢ ድርጅት የማይቆምበት ሀብት ቦታውን ማወቁ ነው። የትኛው ቀበሌ ምንጩ ደረቀ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቀረ፣ ካሳ የተቀበለው አባወራ ዛሬ በምን ይኖራል፤ ይህን በየወሩ መዝግቦ ለወረዳው ምክር ቤትና ለዞኑ የሚያቀርብ የልማት ክንፍ ትልቅ በጀት አያስፈልገውም። ወጪውን ለመሸፈንም አዋጁ በር ከፍቷል፦ ድርጅቶች ሕጉን ተከትለው እንደ ወፍጮ ቤት ባለ ገቢ ማስገኛ ሥራ መሰማራት ይችላሉ፤ ትርፉ ግን ለዓላማው ይውላል እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም።